ሊብሬ፣ ስም ዝውውርና የመኪና ኢንሹራንስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሽያጭ ውሉ፣ ሊብሬው (የመኪናው ባለቤትነት መታወቂያ ደብተር) እና የኢንሹራንስ ፖሊሲው ላይ ያለው ስም አንድ ከሆነ ብዙ ጣጣ የለም። የካሳ ጥያቄ የሚንጓተተው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ወደኋላ ሲቀር ነው። መልሶቹ በኢትዮጵያ ሕግና አሠራር ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ፖሊሲ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ የራስዎን ፖሊሲ አውጥተው እያመሳከሩ ቢያነቡ ይሻላል።

ኢንሹራንስ ለመግባት ሊብሬው የግድ በስሜ መሆን አለበት?

መድን የሚገባው ሰው መኪናው ቢወድም ወይም ቢሰረቅ የሚከስር ሰው መሆን አለበት። ሊብሬው በስሙ የሆነ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። ያበደረ ባንክ፣ ወራሽ፣ ወይም ገዝቶ ስም ገና ያላዛወረ ሰውም ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ ግን በወረቀት ማሳየት ይጠበቅበታል። የተረጋገጠ የሽያጭ ውል ይዞ ለመጣ ገዢ ፖሊሲ የሚያወጣ ኩባንያ አለ፣ ሊብሬው ሳይዞር የማይቀበልም አለ።

ፖሊሲ የሚሸጠው ሠራተኛ እሺ ብሎ አረቦን (የመድን ክፍያ) ስለተቀበለዎት ብቻ አይዝናኑ። በኋላ ፋይሉን ገልብጦ የሚያየው የካሳ ክፍሉ ነው። ቅጹን ሲሞሉ ሊብሬው በማን ስም እንዳለና እርስዎ መኪናውን በምን መብት እንደያዙ እንዳለ ይጻፉ፣ የውሉን ኮፒ ያያይዙ፣ ያስገቡበትንም ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያስመቱ። «ሊብሬው በሻጩ ስም መሆኑን አልነገርከንም» የሚለው ክርክር እዚያው ይዘጋል።

ሦስተኛ ወገንና ፉል ኢንሹራንስ ከምዝገባው ጋር ያላቸው ግንኙነት ምንድን ነው?

የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ አስገዳጅ ነው። መኪናው በሌላ ሰው ሕይወት፣ አካልና ንብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሕጉ እስካስቀመጠው ጣሪያ ድረስ ይሸፍናል እንጂ የራስዎን መኪና አንዲት ጭረት አያስጠግንም። ቦሎ ሲያሳድሱም የሚጠየቁት ይህኑ ነው፣ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ስቲከርም የእሱ ነው። ከጣሪያው በላይ የሚፈረድ ካሳ ካለ ከባለንብረቱ ኪስ ይወጣል።

ፉል ኢንሹራንስ የራስዎን መኪና ጭምር የሚሸፍን፣ ባንክ ካላስገደደ በስተቀር በፈቃድ የሚገባ ውል ነው። ስለ ባለቤትነት ጠለቅ ያለ ጥያቄ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ የሚከፈለው ለተጎዳ መንገደኛ ሳይሆን ለራሱ ለባለንብረቱ ነው።

መኪናዬን ሸጫለሁ፣ ገዢው ግን ስም አላዛወረም። አደጋ ቢደርስ እጠየቃለሁ?

መጀመሪያ የሚከሰሱት እርስዎ ነዎት። የተጎጂው ጠበቃ የታርጋውን ቁጥር ይዞ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ባለንብረቱ ማን እንደሆነ እንዲገልጽ ያስጠይቃል። ከዚያ የሚመጣው ደብዳቤ ላይ ያለው የእርስዎ ስም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ባለቤቱ በዚሁ ድንጋጌ የሚያመልጠው መኪናው በጊዜው ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ ነው። ሸጬዋለሁ የሚል ሰው እንግዲህ ባለቤትነቱ ከእጁ መውጣቱን በማስረጃ ማሳየት አለበት።

ስለዚህ ቁልፍ ከማስረከብዎ በፊት የሚከተለውን ያድርጉ። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ይረጋገጥ። ከውሉ ሌላ አንድ ገጽ የርክክብ ሰነድ ይዘጋጅ፤ ቀኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱ፣ የኪሎ ሜትር ንባቡ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ የተሰጡት ቁልፎች ብዛት ይጻፍበት፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ሰዓቱ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ጠዋት 4 ሰዓት የተሸጠ መኪና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ሰው ሊገጭ ይችላል፤ ቀን ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ያኔ ለማንም አይመሰክርም። የውሉን ኮፒ ለኢንሹራንስዎ በደብዳቤ ያስገቡ። ቀሪ ክፍያ ካለ ደግሞ ከስም ዝውውሩ ጋር ያያይዙት፤ ገዢው ሙሉ ገንዘቡን ከፍሎ ከሄደ በኋላ ስም እንዲያዛውር መለማመጥ አድካሚ ነው።

የታርጋው የትራፊክ ቅጣትም ስም እስኪዞር ድረስ በእርስዎ መዝገብ ላይ ይጠራቀማል።

ገዢ ነኝ። ሻጩ «ፉል ኢንሹራንስ አለው፣ 7 ወር ይቀረዋል» ብሎኛል። ይሸፍነኛል?

ኢንሹራንሱ በጽሑፍ ካልተቀበለዎት አይሸፍንዎትም ብለው ያስቡ። ፉል ኢንሹራንስ በኩባንያውና በሻጩ መካከል ያለ ውል ነው። ኩባንያው አረቦኑን ያሰላው የሻጩን ዕድሜ፣ የመንዳት ልምድና የአደጋ ታሪክ አይቶ ነው፤ እርስዎን አያውቅዎትም። በዚህ መሐል አደጋ ቢደርስ ሻጩ «መኪናው የእኔ አይደለም» ይላል፣ እርስዎ ደግሞ ፖሊሲው ላይ የሉም። ኩባንያው ለማንም ላይከፍል ይችላል። የመኪና ማስታወቂያ ላይ «ፉል ኢንሹራንስ ያለው» የሚለው ቃል ዋጋ ማስወደጃ ነው እንጂ ለገዢው ዋስትና አይሆንም።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሻጩ ፖሊሲው ለገዢው እንዲዛወር በደብዳቤ ጠይቆ፣ እርስዎም ቅጽ ሞልተው ኩባንያው ኢንዶርስመንት እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ኢንዶርስመንት ከፖሊሲው ጋር የሚያያዝ የማሻሻያ ወረቀት ነው፤ አዲሱ ስምና ሽፋኑ የሚጀምርበት ቀን በላዩ ላይ መጻፉን ሳያዩ መኪናውን አያንቀሳቅሱ። ሻጩ ለዓመታት ካሳ ባለመጠየቁ ያገኘው ቅናሽ ካለ አብሮ አይዞርም፣ ቅናሹ የሰውየው ነው። ስለዚህ የአረቦን ልዩነት ሊጠየቁ ይችላሉ።

ሁለተኛው መንገድ ሻጩ የራሱን ሰርዞ እርስዎ በርክክቡ ቀን አዲስ መግባት ነው። እኛ ይህን እንመርጣለን፤ በተለይ መኪናው የተገመተበት ዋጋ አሮጌ ከሆነ። ሻጩ ለቀረው ጊዜ ተመላሽ ያገኛል፣ ግን 7 ወር ስለቀረ የ7 ወር ገንዘብ ይመለስልኛል ብሎ እንዳያሰላ። ኩባንያዎች ያለፉትን ወራት ከፍ ባለ የአጭር ጊዜ ታሪፍ ስለሚያስቡ ተመላሹ ያንሳል፣ በዓመቱ ካሳ ተከፍሎት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

ሦስተኛ ወገኑንም ዝም ብለው አይተዉት፤ የምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ስም እንዲስተካከል ያድርጉ።

መኪናውን የያዝኩት በውክልና ነው። ኢንሹራንሱ እንዴት ይሆናል?

ውክልና ባለቤትነትን አያስተላልፍም። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፣ ወካዩ ሲሞትም በመርህ ደረጃ ያበቃል። ሙሉ ዋጋ ከፍለው ለዓመታት የነዱት መኪና በአንድ ቀን የወራሾች ንብረት ሆኖ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ስሙን ያዛውሩ።

እስከዚያው ፖሊሲው የሚወጣው በባለ ሊብሬው ስም ነው፣ የካሳው ቼክም የሚጻፈው በእሱ ስም ነው። ቼኩን ተቀብለው መልቀቂያ ለመፈረም የውክልናው ጽሑፍ «ኢንሹራንስ የመግባት፣ የካሳ ጥያቄ የማቅረብ፣ የካሳ ገንዘብ የመቀበልና መልቀቂያ የመፈረም» የሚሉትን በግልጽ መያዝ አለበት። «መኪናዬን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ውክልና ለቦሎ ማደሻ ያገለግል ይሆናል፣ የካሳ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ወድቆ ይመለሳል። ወካዩ ውጭ አገር ከሆነ ይህንን ለማስተካከል ኤምባሲና ውጭ ጉዳይ ድረስ መሄድ ስለሚኖር ከመነሻው በትክክል ይጻፍ።

የስም ዝውውሩን ከኢንሹራንሱ ጋር በምን ቅደም ተከተል ላድርግ?

1. ዋናውን ሊብሬ ይዘው መኪናው ዘንድ ይሂዱ። የሻንሲ ቁጥሩን ከተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ ሳይሆን ብረቱ ላይ ከተመታው ያንብቡ። ባለ 17 ቁምፊ ከሆነ አንድ በአንድ ይቁጠሩት። የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ።

2. ሻጩ ፋይሉ ካለበት መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያድርጉ። የባንክ፣ የፍርድ ቤትና የጉምሩክ እገዳ የሚታየው ሊብሬው ላይ ሳይሆን ፋይሉ ውስጥ ነው።

3. የሻጩ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ይታይ። በትዳር ውስጥ የተፈራ መኪና ከሆነ የትዳር ጓደኛ ስምምነት ይፈለጋል። በዚህ የተነሳ ውል ሲፈርስ ኢንሹራንሱም አብሮ ይናጋል።

4. ውሉ በተረጋገጠበት ቀን፣ ከርክክብ በፊት፣ ኢንሹራንስ ይግቡ። አረቦኑ ሳይከፈል ሽፋን ይጀምራል ብለው አይጠብቁ።

5. ስም አዛውረው አዲሱ ሊብሬ ሲወጣ ኮፒውን ኢንሹራንሱ ጋ ወስደው ፖሊሲውን ያስተካክሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን አምስተኛውን ነው።

መኪናዬን በስንት ብር ላስገምተው? የገዛሁበት ዋጋ ይበቃል?

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይጠፋል። የሽያጭ ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ፣ መዝጋቢው ለክፍያ የሚያወጣው ግምትና የገበያው ዋጋ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ኢንሹራንስ የሚያየው አደጋው በደረሰበት ቀን ያለውን የገበያ ዋጋ ነው።

መኪናው በገበያ 2,400,000 ብር ያወጣል እንበል፣ እርስዎ ግን አረቦን ለመቀነስ በ1,500,000 ብር አስገቡት። የጥገናው ወጪ 320,000 ብር ቢሆን ኩባንያው «የሸፈንነው ከዋጋው 62.5 በመቶውን ብቻ ነው» ብሎ 200,000 ብር ሊያስብልዎ ይችላል። የቀረው 120,000 ብር የእርስዎ ነው። ከ200,000ው ላይም መድን ገቢው የሚሸፍነው ኤክሰስ ይነሳል፣ ለአዳዲስ መለዋወጫ የእርጅና ተቀናሽም ይኖራል። ጉዳቱ ከፊል ብቻ ቢሆንም ስሌቱ ይሠራል፤ «እኔ እኮ የጠየቅኩት ከ1,500,000 ብር በታች ነው» ማለት አያድንም።

በተቃራኒው 3,000,000 ብር ብለው ቢያስገቡት ትርፍ የለውም፣ ከገበያው ዋጋ በላይ አይከፈልም። የመኪና ዋጋ በፍጥነት በሚንርበት ጊዜ የዓመቱን እድሳት አይጠብቁ፣ መሐል ላይ ግምቱን ማሳደግ ይቻላል።

ሊብሬው ባንክ ተይዟል። ካሳው ለማን ይከፈላል?

ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ በፖሊሲው ላይ ቀዳሚ ተጠቃሚ ሆኖ ይጻፋል። መኪናው ሙሉ በሙሉ ከወደመ ወይም ከተሰረቀ የቀረው ዕዳ በቅድሚያ ለባንኩ ይከፈላል፣ የተረፈው ለእርስዎ ነው። ዕዳው ከካሳው ከበለጠ ልዩነቱ አይሰረዝም፣ መክፈልዎን ይቀጥላሉ። ብድሩን ሲጨርሱ የመልቀቂያ ደብዳቤ መቀበል ብቻውን አይበቃም፦ እገዳውን መዝጋቢው ጋ ያስነሱ፣ የባንኩንም ስም ከፖሊሲው ያስወጡ።

ገና ታርጋ ያልወጣለትን መኪና ኢንሹራንስ ማስገባት ይቻላል?

ይቻላል። ፖሊሲው በሻንሲና በሞተር ቁጥር ይወጣል። ታርጋው ሲወጣ ቁጥሩን ያሳውቁ፣ ታርጋ በተቀየረ ቁጥርም እንዲሁ። ከወደብ ሲጓጓዝ የሚደርስበት ጉዳት የሌላ መድን ጉዳይ ነው፣ የመኪናው ፖሊሲ አይነካውም።

ኮድ 2 (የግል) መኪናዬን በመተግበሪያ ለሚጠራ ታክሲ ብሠራበትስ?

ፖሊሲው «ለግል አገልግሎት» ይላል፣ ሊብሬውም ኮድ 2 ነው። ሰው በክፍያ ጭነው አደጋ ከደረሰ ኩባንያው ፉል ኢንሹራንሱን ላለመክፈል በቂ ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ስልክ ላይ ያለው የጉዞ መዝገብ ደግሞ ሰዓቱን ይናገራል። ሥራው ከታሰበ ምዝገባውን ወደሚመለከተው ኮድ ይቀይሩ፣ የፖሊሲውንም የአገልግሎት ዓይነት ያስለውጡ። ተሳፋሪን የሚሸፍን ተጨማሪ ሽፋንም ለብቻው ይጠየቃል፣ በራሱ ውስጡ አለ ብለው አያስቡ።

ሞተር ቀየርኩ፣ ቀለም ቀየርኩ። ይህም ይነገራል?

ሞተር ከቀየሩ የግድ ነው። የገዙበትን ደረሰኝ ይዘው አዲሱን ቁጥር ሊብሬው ላይ ያስመዝግቡ፣ ቀጥሎ ፖሊሲው ላይ። ከአደጋ በኋላ የኩባንያው መርማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ቁጥሮቹን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር ነው፤ የሞተሩ ቁጥር ካልገጠመ ጉዳዩ ከካሳ ጥያቄነት አልፎ ወደ ፖሊስ ሊሄድ ይችላል። ቀለምም ሊብሬው ላይ ስላለ ይስተካከል። ወንበር መጨመርና አካል ማሻሻልም የአደጋውን ስጋት ስለሚለውጡ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

መኪናው ከጥቅም ውጭ ሆነ ከተባለ ሊብሬው ምን ይሆናል?

የጥገናው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ የማያዋጣ ከሆነ ኩባንያው እንደ ሙሉ ውድመት ይቆጥረዋል። ካሳውን ከፍሎ ቅሪቱን ለራሱ ይወስዳል፣ በጨረታም ይሸጠዋል። ስለዚህ ዋናውን ሊብሬ፣ ሁሉንም ቁልፎች፣ የእገዳ ነፃ ማስረጃና ስም ማዛወር የሚያስችል ሰነድ ይጠይቅዎታል። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ክፍያው እዚህ ላይ ይቆማል። ቅሪቱን ራስዎ ማስቀረት ከፈለጉ ግምቱ ከካሳው ይቀነሳል።

ቅሪት በጨረታ ለሚገዙ አንድ ምክር፦ ከመጫረትዎ በፊት ስም የሚዛወርበት ሰነድ በሻጩ ኩባንያ እጅ እንዳለ ይጠይቁ። ቆርቆሮውን አሰርተው ሲጨርሱ ፋይሉ ላይ እገዳ ቢገኝ መኪናውን ማስመዝገብ አይችሉም፣ ፉል ኢንሹራንስም አያገኙም።

ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪናስ?

ሲያስገምቱት ግምቱ ቀረጡን ያካተተ ነው ወይስ ያላካተተ የሚለው በጽሑፍ ይስፈር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፣ ካሳ ሲመጣም ክርክሩ እሱ ላይ ነው። ቀረጡ ሳይከፈል ወይም የጉምሩክ ፈቃድ ሳይኖር ስም ስለማይዛወር የቅሪቱ ርክክብም በዚሁ ይያዛል።

መኪናው በአባታችን ስም ነበር፣ አርፈዋል። ፖሊሲው ይሠራል?

ወዲያው ለኩባንያው በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ሽፋኑ እስኪያልቅ በምን ሁኔታ እንደሚቀጥልም በጽሑፍ መልስ ይጠይቁ። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ወጥቶ፣ ወራሾች ተስማምተው በአንዱ ስም እስኪዞር ወራት ሊፈጅ ስለሚችል በዚያ ጊዜ ውስጥ መኪናውን አለመንዳቱ ይመረጣል። ፖሊሲውን በሟች ስም ዝም ብሎ ማደስ ግን አይሆንም።

የወንድሜን መኪና እነዳለሁ። የእኔ ስም የትም የለም።

ይህ ቀላሉ ነው። ፖሊሲው በባለቤቱ ፈቃድ ሌላ ሰው እንዲነዳ የሚፈቅድ ከሆነና መንጃ ፈቃድዎ ለመኪናው ዓይነት የሚያገለግል ከሆነ ችግር የለም። አንዳንድ ፖሊሲ ግን ስማቸው የተጠቀሰ ሾፌሮችን ብቻ ይሸፍናል፣ አንዳንዱ ልምዱ አጭር ለሆነ አሽከርካሪ ኤክሰሱን ያሳድጋል። ጊዜው ያለፈበት መንጃ ፈቃድ የሌለ ያህል ይቆጠራል።

ሊብሬዬ ጠፋ፣ ወይም ከመኪናው ጋር ተሰረቀ።

ለፖሊስ አመልክተው ማስረጃ ያውጡ፣ ምትክ እንዲሰጥዎ መዝጋቢውን ይጠይቁ፣ ፋይሉ ላይም ስም እንዳይዛወር ማሳገጃ ያስገቡ። መኪናው አብሮ ከተሰረቀ ለኢንሹራንሱ በዚያው ቀን ያመልክቱ፤ ኩባንያው ከሁሉም ቁልፎች ጋር የሊብሬውን ጉዳይ ያነሳልና። ዋናውን ሊብሬ በዳሽቦርዱ ኪስ ማስቀመጥ ለሌባው ሥራ ማቅለል ነው፤ መኪናው ውስጥ ኮፒው ይቀመጥ።

ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ገጭቶኝ አመለጠ። ባለቤቱ ካልታወቀ ምን አደርጋለሁ?

ተጎጂው ሰው ከሆነ ሜዳ ላይ አይቀርም። ያልታወቀ ወይም መድን የሌለው መኪና ለሚያደርሰው የሞትና የአካል ጉዳት ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የሕክምና ማስረጃ ይዘው ያመለክታሉ። የመኪናው ባለቤት በኋላ ከታወቀ ፈንዱ የከፈለውን ከእሱ ይጠይቃል፣ አድራሻውንም የሚያገኘው ከዚያው ከምዝገባ ፋይሉ ነው። የተገጨ መኪናዎን ለማስጠገን ግን ፈንዱን አይጠብቁ፤ ያ የራስዎ ፉል ኢንሹራንስ ሥራ ነው።

ወደ ጎረቤት አገር ብነዳውስ?

የአገር ውስጡ የሦስተኛ ወገን መድን ከድንበር አያልፍም። ሥርዓቱን በተቀበሉ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አገሮች የሚያገለግለውን ቢጫ ካርድ ኢንሹራንስዎን ይጠይቁ። ቢጫ ካርዱ የሚሸፍነው ሌላ ሰው ላይ የሚደርስን ጉዳት ነው፤ የራስዎን መኪና ለመሸፈን ፉል ኢንሹራንሱ ወደዚያ አገር እንዲዘረጋ ለብቻው ያስጽፉ። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ደግሞ ድንበር ለማሻገር የሚፈቅድ የተረጋገጠ ውክልና ይያዙ፣ አለበለዚያ ከኬላው ሊመለሱ ይችላሉ።